በኮባ ተጠቅልሎ የመጣው ሾላ

ይህን የምጽፈው የልጅ ልጆቼ ስለነዘነዙኝ ነው። ህሊና ዲላ ዩኒቨርሲቲ ስለ ዕፅዋት ትማራለች፤ ወንድሟ ናቲ ደግሞ ሳይማር ሁሉን ያውቃል። አንድ ቀን ሁለቱም ከመንገድ ዳር የቀጠፉትን ቅጠል ይዘው መጡና ስልካቸውን ደቀኑበት። ስልኩ ቅጠል ሲያሳዩት የዛፉን ስም ይናገራል አሉኝ።

«ዛፉን ዞራችሁታል?» አልኳቸው።

«ምን ያዞረናል አያቴ? ቅጠሉ ይበቃል ይላል» አለች ህሊና።

«ማነው እንደዚያ የሚለው?»

«ስልኩ ነዋ» አለ ናቲ። «ካንቺ ይሻላል። ወገቤን አይልም፣ ሻይ አፍሉልኝ አይልም።»

ሳቅሁ። በአንድ ቅጠል ለዛፍ ስም መስጠት ምን እንደሚያስከትል እኔ አውቃለሁ። ህሊና ፊቴን አየችና «ምን ሆንሽ? እስኪ የሥራሽን ነገር ንገሪን» አለች። ስነግራቸው ከችግኝ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ጉሬዛ እየዘለልኩ ግራ አጋባኋቸው መሰለኝ፣ «በቃ ጻፊው» ብለው ደብተር ገዙልኝ። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ችግኝ ጣቢያ ውስጥ፣ የየመደቡ ስም ከሚጻፍበት ቆርቆሮ ላይ ነው። ስለዚህ ነገሬ ቢጠማዘዝ ታገሡኝ።

ሥራ የጀመርኩት ዲላ አጠገብ በነበረ አንድ ችግኝ ጣቢያ ነው። አፈር እነፋለሁ፣ ፕላስቲክ እሞላለሁ፣ ውሃ አጠጣለሁ። የቀን ሠራተኛ ነበርኩ፤ ወር ሲሞላ ፔሮል ላይ ጣቴን አትሜ እቀበላለሁ። ስለ ደመወዝ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ልጆቼን አሳድጎልኛል።

ካቦአችን ጋሽ ወራሳ ይባሉ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ፀሐይ ቢያቃጥል ኮት የማያወልቁ ሰው ናቸው። ገና በገባሁ ሰሞን አንድ ቅጠል አቀበሉኝ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሾላ።»

«በምን አወቅሽ?»

«አየሁት።»

«ፍየልም ያያል» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅጠል እንዴት እንደሚታወቅ ያስተምሩኝ ጀመር። ጋሽ ወራሳ ቅጠልን መጀመሪያ በዓይን አያዩም። ዓይናቸውን ጨፍነው ጀርባውን በታችኛው ከንፈራቸው ላይ ያሳልፉታል። ጣት በሥራ ይደነዝዛል፣ ከንፈር ግን ሕፃን እንደሆነ ይኖራል ይሉ ነበር። የዋርካ ቅጠል ትልቅና ጸጉራም ነው፤ ጅማቶቹ ነጣ ብለው የወጡ፣ የሽማግሌ እጅ ጀርባ ይመስላሉ። ጭብሃ ጠበብ ያለና ለስላሳ ነው፤ ቅቤ የተቀባ ይመስል ያብለጨልጫል፣ በሌላ ዛፍ ጫንቃ ላይ መብቀልም ይወዳል። ሾላ ደግሞ ሁለት ነው። አንዱ ሜዳና ደጅ ላይ የሚቆመው ነው፤ ቅጠሉ ክብ፣ ዳሩ ልሙጥ፣ ሲዳስሱት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ሌላው ወንዝ የሚወደው ነው፤ ቅጠሉ ረዘም ብሎ ጫፉ የሾለ፣ ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው፣ ለጋው ቀላ ያለ። ሰው ሁለቱንም ሾላ ይላቸዋል። እኛ ሠራተኞቹ የደጅ ሾላና የወንዝ ሾላ ብለን እንለያቸው ነበር።

ጋሽ ወራሳ አንድ ልማድ ነበራቸው። ቅጠል ይዘን ስንመጣላቸው ስሙን አይናገሩም። «አንድ ቅጠል ምስክር አይሆንም። ከአናቱ አምጪ፣ ከወገቡ አምጪ፣ ከእግሩ አምጪ። ከዚያ ዛፉን አንዴ ዙሪው። ከዚያ ስሙን ጥሪው» ይላሉ። ሦስቱን ቅጠል በኮታቸው ሦስት ኪስ ለየብቻ ይከቱታል፤ የአናቱን በላይኛው፣ የእግሩን በታችኛው፤ አይቀላቅሉም። ለምን ሦስት እንደሆነ ነግረውን አያውቁም፣ እኛም አልጠየቅናቸውም። ሴቶቹ ከኋላቸው «ጋሽ ወራሳ ቅጠል ሲያጩ እንኳን ሦስት ሽማግሌ ይልካሉ» እያልን እንስቅ ነበር። እኔ የሽምግልና አመል ነው ብዬ ነበር የማስበው።

የሾላ ዘር እንደ ዱቄት ነው። ጋሽ ወራሳ አንዴ ፍሬውን አፍርጠው በውሃ አጥበው፣ የሰመጠውን ከአሸዋ ጋር ቀላቅለው ዘሩት፤ ጉንዳን ጠራርጎ ወሰደው። ከዚያ ወዲያ ሾላን የምናባዛው ከዛፉ አናት ቅርንጫፍ አስቆርጠን እየተከልን ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እኔ በእጄ ያሳደግኩት የደጅ ሾላ ሁሉ ከአናት የተቆረጠ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ጋሽ ወራሳ ወደ ፍስሐ ገነት ከተማ ችግኝ ጣቢያ ሲዛወሩ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። እዚያ ሥራው ይበዛል፤ ቡና ያለ ጥላ አይሆንም፣ ገበሬው ደግሞ የዛፍ ነገር ከእኛ በላይ ያውቃል። «ይሄ ቅጠሉን ቶሎ ያረግፋል፣ ያ ሥሩ ቡናዬን ይጋፋል» እያለ ይመርጣል። አለቃችን ግን ስንት ችግኝ ወጣ እንጂ ምን ችግኝ ወጣ አይልም ነበር። ይህ እኔን ያስጨንቀኝ ነበር። የእኔ ነገር እንዲህ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ስምና መደቡ ላይ ያለው ችግኝ ካልገጠሙ ምግብ አይወርድልኝም። ቤቴ ደርሼ እንኳን ተመልሼ አይቼ የመጣሁበት ቀን አለ።

አንድ በጋ ላይ ጋሽ ወራሳ ደረታቸውን አሟቸው ለሕክምና ዲላ ወረዱ። ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። በሄዱ በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች በር ላይ ቆሙ። ከፊት የነበሩት አባ ጅግሶ ናቸው፤ ከከተማው በላይ ያለው መንደር ሰው፣ የሶንጎ ሽማግሌ። ሶንጎ ማለት ሽማግሌዎች ተቀምጠው የተጣላ የሚያስታርቁበት፣ የሚዳኙበት ቦታ ነው። በኮባ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል።

«ወራሳ የለም?»

«አሟቸው ዲላ ናቸው፣ አባ።»

«እንግዲያስ ዛሬ ወራሳ አንቺ ነሽ» አሉና ተቀመጡ። ቀስ ብለው ነገሩኝ። የሶንጎው ሾላ አርጅቷል። ሆዱ ተቦርቡሯል፣ ወደ መንገዱም አዘንብሏል። ሳይወድቅ ልጁን አጠገቡ ማቆም አለባቸው። «ነፍስ ያጠፋ ከደመኛው ጋር እሱ ሥር ነው የታረቀው። አያቶቻችን የማሉት እሱን ይዘው ነው። ሌላ ቦታ የበቀለ አንፈልግም። የእሱ ልጅ ይሁን። ባዕድ ዛፍ ሥር ማን ይምላል?»

ከዚያ ኮባውን በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ። እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ስፈታው አምስት ቅርንጫፍ ነው። ቅጠሉን ገልበጥ አድርጌ አየሁት። ረዘም ያለ፣ ጫፉ የሾለ፣ ዳሩ ጥርስ ያለው፣ ለጋው ቀላ ያለ። የወንዝ ሾላ ነው።

የሶንጎውን ዛፍ አውቀዋለሁ። ገበያ ስሄድ በሥሩ ባለው መንገድ ነው የማልፈው። ንፋስ ቅጠሉን መንገድ ላይ ይበትነዋል፤ ክብ ነው፣ ዳሩ ልሙጥ ነው። የደጅ ሾላ ነው።

«አባ... ይሄ ከዛፉ ከራሱ ነው?» አልኩ።

ከኋላ የተቀመጡት ሽማግሌ ሳቅ ብለው «ለቀባሪ አረዱት አሉ» አሉ። አባ ጅግሶ ግን አልተቆጡም።

«በእጄ ቆርጬ በእጄ ያመጣሁት ነው፣ ልጄ።»

ሌላ ጥያቄ ነበረኝ። ከየትኛው ወገኑ? ከአናቱ ወይስ ከየት? ግን ያንን መጠየቅ ውሸታም ማለት መሰለኝ። ሽማግሌ በሁለት እጁ የሰጠውን ነገር ሁለት ጊዜ መጠየቅ እንዴት ይሆናል? ሄጄ ዛፉን እንዳልዞረው ደግሞ ሶንጎ እኔ ባደግኩበት ሴት ሳትጠራ የምትገባበት ቦታ አይደለም። «እሺ አባ» አልኩ። መርቀውኝ ሄዱ።

ቅርንጫፎቹን ተከልኳቸው፣ ቆርቆሮ ላይ «የሶንጎ» ብዬ ጻፍኩባቸው። አምስቱም ያዙ። ባይዙ ኖሮ እንዴት በተገላገልኩ። በየጠዋቱ ውሃ ሳላጠጣ በፊት እነሱ ጋ እሄዳለሁ፤ የሚያወጡት ቅጠል ሁሉ ጥርስ አለው። ለራሴ እንዲህ እል ነበር፤ አባ ጅግሶ ሰማንያ ሳይዘሉ አይቀሩም፣ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል፣ ያንን የሚያህል ዛፍ ላይ እንዴት ወጥተው ይቆርጣሉ? ቤታቸው ሥር ወንዝ አለ። ደክሟቸው ከወንዙ ዳር ቆረጡ። ሾላ ሾላ ነው ብለው ነው። ታዲያ ሲያድግ መንደሩ ሁሉ ቅጠሉን ያያል። ይሄ የሶንጎው አይደለም ይላል። ያን ጊዜ እሳቸው ምን ይሆናሉ? እኔስ ምን እሆናለሁ? ጋሽ ወራሳስ?

አንድ ወር ያህል እንዲህ ስብሰለሰል ቆየሁ። ሕልሜም ቅጠል ሆነ። በመጨረሻ ጣቢያው በር ላይ ከቆመው የደጅ ሾላ አናት አምስት ቅርንጫፍ አስቆረጥኩና በቀጣዩ መደብ ተከልኳቸው። ቅጠል ሲያወጡ ክብ፣ ልሙጥ፣ ሻካራ፤ ከሶንጎው ዛፍ ቅጠል ጋር ጎን ለጎን ብታስቀምጡት አይለይም። አንድ ጠዋት ሌሎቹ ሳይመጡ «የሶንጎ» የሚለውን ቆርቆሮ ከአንዱ መደብ ነቅዬ ሌላው ላይ ተከልኩት። ስምንት እርምጃ ነው።

ክፋት አልነበረኝም። የሽማግሌውን ስሕተት ማንም ሳያውቅ ላርምላቸው ብዬ ነው። አዲሱ ችግኝ የዚያ ዛፍ ልጅ እንዳልሆነ አውቅ ነበር፤ ግን ከወንዝ ሾላ ይልቅ የአክስት ልጅ ቢሆን ይሻላል አልኩ።

ጋሽ ወራሳ ሲመለሱ ኮቱ ሰፍቷቸው ነበር። መደቦቹን አንድ በአንድ አዩ። ጥርስ ያለው መደብ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄ የማነው? ቆርቆሮ የለውም።»

«የወንዝ ሾላ ነው።»

«ከየት መጣ?»

«ሰው አምጥቶት ነው።»

አንድ ቅጠል ቀጠፉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከንፈራቸው ላይ አሳለፉት። ሁለተኛም አሳለፉት። «ዛፉን ዞርሽው?» አሉኝ። ሳል ያዛቸው። ሳላቸው ረጅም ነበር፤ ውሃ አመጣሁላቸው፣ ጠጡ፣ ቅጠሉን ታችኛው ኪሳቸው ከተው ሄዱ። እኔም መልስ ሳልሰጥ ቀረሁ። ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ክረምቱ ገባ፤ በዚያው ክረምት አረፉ። ከነገ በላይ የፈራሁት ቃል የለም ከዚያ ወዲህ።

ችግኙ ደረሰና የሚተከልበት ቀን መጣ። እኔም ተጠራሁ። ሶንጎው ግቢ ስገባ ቦታው ተመንጥሮ ተጠርጎ ነበር፤ በአሮጌው ዛፍ እግር አንዲት ሣር እንኳን አልነበረችም። ቀና ብዬ አናቱን አየሁ። ቅጠሉ ክብ ነው፣ ዳሩ ልሙጥ ነው። ልክ ነበርኩ አልኩ በሆዴ።

አባ ጅግሶ ችግኙን አቁመው አፈር መለሱና እኔን ወደ መሃል ጠሩኝ። «አደራ የሚበላ አለ፣ አደራ የሚጠብቅ አለ። ይቺ ሴት ጠብቃለች» አሉ። ራሴ ላይ እጃቸውን ጭነው፣ እንደ አባቶች ወግ ምራቃቸውን እንትፍ እንትፍ ብለው መረቁኝ። ሰው ሁሉ ይሁን ይሁን አለ። እኔ ከመሬት አልቀና አልኩ። አንድ ሰው «እንዴት ያለች ትሑት ሴት ናት» ሲል ሰማሁ።

ከሁለት ክረምት በኋላ አሮጌው ሾላ ወደቀ። ማንንም አልጎዳም። ሽማግሌዎቹ በትንሹ ዛፍ ሥር ተቀመጡ፤ ጥላው ገና አንድ ሰው አይሸፍንም ነበር፣ ግን ተቀመጡ። ገበያ በሄድኩ ቁጥር እዚያ ስደርስ እግሬ ይፈጥናል፣ ዓይኔ ግን ዞር ብሎ ቅጠሉን ያያል። አንድ የሚያውቅ ሰው ተነስቶ «ይሄ የእሱ ልጅ አይደለም» የሚል ይመስለኛል። ማንም አላለም።

ከዚያ ወደ ቡሌ ላኩኝ። ቡሌ ብርድ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ የሰዉ ደግነት ግን ያሞቃል። እንሰቱ ሌላ ነው እዚያ፣ ግንዱን ሁለት ሰው አያቅፈውም፤ እሱን ሌላ ቀን። ጥርስ ካላቸው ከአምስቱ አራቱን ፍስሐ ገነት አዲስ ቢሮ ሲሠራ ዶዘር ሄደባቸው። አንዱን ግን ይዤው ወጥቼ ነበር። ሽማግሌ በሁለት እጁ የሰጠኝን መጣል አቃተኝ። ከሾፌሩ አጠገብ እግሬ መሃል አድርጌ ነው የወሰድኩት፤ ሾፌሩ «ልጅሽን ክርስትና ልታስነሺ ነው እንዴ?» እያለ አሾፈብኝ። ብርዱ አልተስማማውም። በሁለተኛው ዓመት ውርጭ መታውና ከነሥሩ ደረቀ።

የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት ዲላ ነው። ዩኒቨርሲቲው ያለማው የዛፍ ቦታ ውስጥ አረም እነቅል ነበር፤ ኋላ ቅጠል እንደማውቅ ሲሰማ ተማሪዎች «እማማ፣ ይሄስ?» እያሉ ይከቡኝ ጀመር። ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ከጎንደር የመጡ፣ ሾላ በልተው እንኳን የማያውቁ ልጆች። እኔም «ከአናቱ፣ ከወገቡ፣ ከእግሩ» እያልኩ አስተምራቸዋለሁ። ለምን ሦስት ሲሉኝ «እንደዚያ ነው» እላለሁ። ምን ልበላቸው? አላውቅማ።

ምሳዬን የምበላው አንድ የደጅ ሾላ ሥር ነበር። ስንት ዓመት ተቀመጥኩበት፤ ቅጠሉ ሳህኔ ላይ ወድቆ ያውቃል፣ ክብ፣ ልሙጥ፣ ሻካራ። ሕንፃ ሊሠራ ነው ተባለና ተቆረጠ። ሕንፃው ዘገየ። በበልግ ዝናብ ከጉቶው እግር ቀጫጭን ቡቃያ ወጣ። አረም ልነቅል ጎንበስ ስል አየሁት። ለጋው ቀላ ያለ ነው። ረዘም ያለ ነው። ዳሩ ጥርስ አለው።

መጀመሪያ ሌላ ዛፍ በቅሎበት ነው ብዬ አፈሩን በጣቴ ጫርኩ። ከዚያው ጉቶ፣ ከዚያው ሥር ነው የወጣው። ቅጠሉን ቀጥፌ ከንፈሬ ላይ አሳለፍኩት። የደጅ ሾላ በልጅነቱ፣ ከእግሩ ሲያቆጠቁጥ፣ ጥርስ ያወጣል፤ አናት ሲደርስ ነው ክብ የሚሆነው። ጋሽ ወራሳ ሦስት ኪስ የሚሞሉት ለዚህ ነበር። የኮታቸውን ታችኛው ኪስ አስታወስኩና እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ተማሪዎቹ «እማማን ፀሐይ መታት» ብለው ወደ ጥላ ወሰዱኝ።

እንግዲህ እስከ ዛሬ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። እዚያ ሶንጎ ዛሬ የአባ ጅግሶ ልጆች ይቀመጣሉ። ዛፉ ትልቅ ሆኗል፣ ጥላው መንገዱን ይሸፍናል፣ ሰው እሱን ይዞ ይምላል። ብነግራቸው ስንት እርቅ ይፈርሳል? ባልነግራቸውስ? ቅጠሉን ያየሁ ጊዜ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። ምናልባት እኮ አባ ጅግሶ በእርግጥም ከወንዝ ዳር ቆርጠው ይሆናል አልኩ። ጥርስ ያለው ሁሉ ልጅ አይደለም፣ የወንዙም ጥርስ አለው። ይህችን ተስፋ ይዤ ጥቂት ዓመት ኖርኩባት።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ቀን አላስችል አለኝና ሚኒባስ ተሳፍሬ ፍስሐ ገነት ወጣሁ። አባ ጅግሶ ካረፉ ቆይተዋል። ልጃቸው ብርቄ ገበያ ቆጮ ትሸጣለች፤ የድሮ ወዳጄ ናት። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስለ ልጅ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጉልበት ሕመም ካወራን በኋላ፣ እንደ ቀላል ነገር አድርጌ ጠየቅኳት።

«ብርቄ፣ ያኔ አባባ ለችግኝ ጣቢያ የሾላ ቅርንጫፍ ሲያመጡ... በዚያ ዕድሜያቸው ዛፍ ላይ ማን አወጣቸው?»

ብርቄ ቆጮውን መጠቅለሏን ትታ አየችኝ።

«ምን ሆነሻል አማረች? እዚያ ዛፍ ላይ እኮ ሰው አይወጣም። ነውር ነው፤ አንድም ሰው ወጥቶበት አያውቅም። አባባ ከእግሩ የበቀለውን ነው ተንበርክኮ የቆረጠው። ሱሪው ጉልበቱ ላይ በቀይ አፈር ተለውሶ መጣ፤ ያጠብኩለት እኔ ነኝ።»